ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት፦ ፑሉን ማን ይፍታው፣ ማንስ ይግጠመው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወንድማችን ሸዋ ሮቢት ላይ ቡናና ለስላሳ የሚሸጥበት ቤት ከፍቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ፑል ቤቱን ከዘጋ ወዳጁ ደግሞ ባለ ስምንት ጫማ ፑል ገዝቷል። «የሰፈር ልጆች ‹ስድስት ሆነን እንደ አልጋ ብድግ አድርገን አይሱዙ ላይ እናወጣልሃለን› ይሉኛል። አንድ ባለሙያ ግን ለመፍታትና ለመግጠም ብቻ የልጆቹን አራት እጥፍ ጠየቀኝ፤ መኪናውም ሸክሙም የራሴ ነው። ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያስከፍለው? ዕውቀቱ ነው ወይስ አለማወቄን አይቶ ሊበላኝ ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ እኔም እንጀራዬን የምበላው ከዚሁ ሥራ ስለሆነ ምስክርነቴን በዚያው ልክ ቀነስ አድርገህ ስማኝ። ፑል ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ አለም ከተማ ድረስ ሄጄ ሠርቻለሁ። ሆኖም «ሁሉንም ለባለሙያው ስጥ» አልልህም። ለመሸከም ልጆቹ ከእኔ ይሻሉሃል፤ እኔ ወገቤን ካመመኝ ቆየሁ። ለባለሙያ የምትከፍለው ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት ለሚሠራት አንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም ድንጋዩ ሸዋ ሮቢት ከወረደ በኋላ ለሚሠራት ግማሽ ቀን ነው። በመሃል ያለው ሸክም ነው፤ ሸክም በሸክም ዋጋ ይከፈላል። ስለዚህ ሁለቱንም ያዝ፣ ግን ሥራቸው እንዳይደባለቅ። ልጆቹ ካቻቪቴ አይንኩ፤ ባለሙያውም «እኔ ሳልኖር ጭናችሁ ላኩልኝ» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ።

ከዋጋው በፊት ግን የገዛኸው ምን እንደሆነ እንይ። ጠረጴዛው ሥር ግባ። ለሱሪህ ሳትሳሳ በጀርባህ ተኛና በስልክህ መብራት ከታች ወደ ላይ ተመልከት። ጨርቁ የተለበጠበት ገበታ ጣውላ፣ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ የእኔን መልስ እዚህ ላይ ትተህ ልጆቹን ጥራ፤ ያን ለመግጠም ጠንቃቃ አናጺ ይበቃል። ድንጋይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥሩ ለመግባት የማይመች ከሆነ ከላይ በጣትህ አንጓ ኳኳው። ጣውላ እንደ በር ይመልስልሃል። ድንጋይ አይመልስም፤ አንጓህን ነው የሚያምህ።

ይህን ድንጋይ ብዙ ሰው «እብነ በረዱ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙ ስሌት ነው፤ ከሒሳቡ ስሌት ጋር ዝምድና የለውም። ከመሬት በታች ተጨምቆ የጠነከረ የጥንት ጭቃ ነው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ የሚሰነጠቅ። ድሮ ገበታው ከእንጨት ይሠራ ነበር። እንጨት በእርጥበትና በሙቀት ስለሚጣመም በ1826 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ውስጥ በስሌት መሥራት ተጀመረ፣ እስከ ዛሬም የተሻለ አልተገኘለትም። ድንጋዩ አይጣመምም፣ ውሃም ብዙ አይጠጣም። ጥፋቱ አንድ ነው፦ ጫና ይችላል፣ መታጠፍ አይችልም።

ክብደቱን ልንገርህ። ባለ ስምንት ጫማ ሲባል ሜዳው ከጎማ እስከ ጎማ 224 በ112 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ ጎማው ከተለጠፈበት የዙሪያ እንጨት፣ ማለትም ከጠርዙ፣ ሥር ስለሚገባ ከዚያ ሰፋ ይላል። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ከሆነ ድንጋዩ ብቻውን ሁለት ኩንታል ይመዝናል፤ 1.9 ሴንቲ ከሆነ አንድ ኩንታል ተኩል። ብዙውን ጊዜ በሦስት ቁራጭ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ከ50 እስከ 70 ኪሎ። ለሁለት ልጆች፣ ደረጃ ካለ ለሦስት፣ ልክ የሆነ ሸክም ነው። እግሩ፣ ድንጋዩ የሚያርፍበት የእንጨት ሳጥንና ጠርዙ ሲጨመር ግን ጠቅላላው ከሦስት ኩንታል ያልፋል። እንግዲህ «ስድስት ሆነን እንደ አልጋ» ያሉህ ልጆች ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ኩንታል ሊሸከሙ ነው፤ ያም የሚሆነው ክብደቱ እኩል ከተከፋፈለ ነው፣ እኩል ተከፋፍሎ ግን አያውቅም። በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ይለቃሉ፣ አራቱ ይቀራሉ። (ሳንቲም የሚበላው ትንሹ ዓይነት ለብቻው ነው፤ የእሱ ድንጋይ አንድ ወጥ ስለሆነ እግሩ ተፈትቶ በጎኑ ይቆማል። ያንተ ባለ ስምንት ከሆነ ይህ አይመለከትህም።)

አንድ ያየሁትን ላውጋህ። አንድ ሆቴል፣ ስሙ ይቅር፣ ለሠርግ አዳራሹን ማስለቀቅ ፈልጎ ፑሉን አስተናጋጆችና ዘበኞች ተባብረው ወደ ሌላ ክፍል እንዲጎትቱት አደረገ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። አንዱ እግር የሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ ያዘ፣ እነሱ ደግሞ «ሆ!» ብለው ገፉ። «‹ጣ› የሚል ድምፅ ሰማን፣ ግን ምንም አልተሰበረም» አሉኝ ስጠራ። እውነትም ከላይ ሲያዩት ምንም የለም፤ ጨርቁ አረንጓዴ፣ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ። መዳፌን ጨርቁ ላይ ጥዬ ቀስ ብዬ ሳሳልፍ መሃለኛው ቀዳዳ አጠገብ አንዲት ፀጉር የምታህል እርከን ጣቴን ነካችው። ኳስ ስለቅባት እዚያ ስትደርስ ትንሽ ዘለል ትላለች፣ እንዳነጠሰው ሰው። ጨርቁን ስገልጠው ድንጋዩ ከብሎኑ ብስ ጀምሮ እስከ ቀዳዳው አፍ ተገምሷል፤ ቁራሹ መዳፍ ያህላል፣ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ። በኮላና በስቱኮ ያዝኩት። ዛሬም እዚያ የሚጫወቱ ልጆች ያቺን ቦታ ያውቋታል፤ በእሷ በኩል መምታት አይወዱም። ሆቴሉ ለእኔ የከፈለው መጀመሪያ አስፈትቶ ቢያዛውር ከሚከፍለው ይበልጥ ነበር፣ ድንጋዩም አልዳነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው።

የድንጋዩ ደካማ ቦታ የብሎን ብሶቹ ዙሪያ ነው። ጠርዞቹ ስድስት ናቸው፤ በብዙዎቹ ፑሎች እያንዳንዱ በሦስት ብሎን ከሥር ወደ ላይ ከድንጋዩ ጋር ታስሯል፣ በድምሩ አሥራ ስምንት። ጠርዙን ይዘህ ስታነሳ የምታነሳው ሳጥኑን መስሎህ ድንጋዩን በእነዚያ ብሶች እያንጠለጠልከው ነው። ሰው ደግሞ ፑል ሲያነሳ የሚይዘው ጠርዙን ነው፤ ሌላ መያዣ የለውማ።

አሁን ወደ አፈታቱ። ባለሙያው መጀመሪያ የቀዳዳዎቹን ኪስ ይነቅላል፣ ከዚያ ከሥር ገብቶ የጠርዞቹን ብሎኖች ይፈታል። ጨርቁ በስቴፕል ከተያዘ ስቴፕሎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ይነቅላል፤ ይህ አሰልቺ ነው፣ የሚቸኩል ሰው ጨርቁን ጎትቶ ይገነጥለዋል። ጨርቁ ሲነሳ ነው ዋናው ነገር የሚታየው። ሦስቱ ድንጋዮች የተገናኙበት ሁለት መስመር አለ፣ በሰም ወይም በስቱኮ ተሞልቶ የተላገ። ሌላም አለ፤ ያላወቀ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በድንጋዩ ዳርና በመስመሮቹ ጥግ የብር ሳንቲም የሚያካክሉ ክብ ክብ ጠባሳዎች ይታያሉ። እነዚያ ጌጥ አይደሉም፣ ቪት ናቸው። ድንጋዩን ከሳጥኑ ጋር የያዙት ቪቶች ራሳቸው ጠለቅ ብለው ተቀብረው በላያቸው ሰም ፈሶባቸዋል። አንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት «መስመሩን ፈልቅቀን ጨርሰናል፣ ድንጋዩ ግን ተጣብቆ እምቢ አለን» ብሎ ደወለልኝ። ስደርስ ሁለት ጎረምሶች ብረት አስገብተው እየፈነቀሉ ነው። የአንዱን ጠባሳ ሰም በምላጭ ጫፍ ቆፍሬ የቪቱን ራስ ሳሳያቸው ዝም አሉ። ድንጋዩ የተጣበቀ አልነበረም፣ ታስሮ ነው።

ከዚያ ቁጥር መጻፍ ነው። ሦስቱ ድንጋዮች ሲሠሩ አንድ ላይ ስለተላጉ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ቢገባም መስመሩ አይገጥምም። ከሥራቸው 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ይጻፋል፣ ሳጥኑም ላይ እንዲሁ፣ የትኛው ጎን ወዴት እንደሚዞር ደግሞ በቀስት። ጠርዞቹም እንደዚያው። ብሎኖቹ በየጠርዛቸው በትንሽ ፌስታል ይታሰሩ። አንተ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልክህ ቅረጸው። ባለሙያው ቢቀየም እንኳ ቅረጸው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሌላ ሰው ሊገጥመው ቢገደድ ያ ቪዲዮ ብዙ ይረዳሃል።

ድንጋዩ እንዴት ይሄዳል? መስታወት ጫኞችን አይተሃል አይደል? መስታወት ተኝቶ አይጫንም፣ በጠርዙ ይቆማል። ስሌትም ያው ነው። ሁለት ሰው በጎኑ አቁሞ ይይዘዋል፣ ሲቀመጥም ማዕዘኑን አያስመቱም፤ መጀመሪያ የሚገመሰው ማዕዘኑ ነው። መኪናው ላይ ከፊት ከጋቢናው ጀርባ አንድ ኮምፔንሳቶ ይደገፋል፣ ሥሩ ሞራሌ ይነጠፋል፣ ድንጋዮቹ በመሃላቸው ብርድ ልብስ እየገባ አንዱ በሌላው ላይ ይደገፋሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ሆነህ ብርድ ልብስ አትቸገርም። አሮጌ የፋብሪካችን ብርድ ልብስ ካርቶንን ያስንቃል፤ ካርቶን ከረጠበ ይላቀቃል፣ በስፖንጅ ደግሞ ድንጋዩ ይንሸራተታል።

ያንተ መንገድ ለየት የሚለው ጣርማ በር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 አካባቢ። መኪናው መጀመሪያ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፤ ከዚያ በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ በጠመዝማዛ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሽቅቡ ላይ የቆመው ድንጋይ ወደ ኋላ መውደቅ ይፈልጋል፣ ቁልቁለቱና ፍሬኑ ደግሞ ወደ ፊት ይገፉታል። ከጋቢናው ጋር ማስደገፍ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ የሚሄድበት የለውም፣ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ገመዱ ይይዘዋል። ገመዱ በማዕዘኑ ላይ እንዳያርፍ ጨርቅ ይደረግበት። አይሱዙው ከድንጋዩ ጋር ሲሚንቶ ወይም ብረት ሊጭን ከፈለገ እምቢ በል፤ ሹፌሩ ያኮርፋል፣ ይኩርፍ። ጠዋት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ጣርማ በርን ጭጋግ ይለብሰዋል፣ ፊት ያለውን መኪና ሳታይ ቁልቁል እየወረድክ ለድንጋይ ማሰብ አይሆንልህም። ክረምት ከሆነ ሸራ አይረሳ፤ ድንጋዩ ባይፈራም ከሥሩ የተለጠፈው እንጨትና ጨርቁ ዝናብ ይፈራሉ።

ስለ ጫኝና አውራጅ አንድ ቃል ብቻ። ሁለቱም ከተማ ላይ የየአካባቢው ጫኝና አውራጆች ይጠይቁሃል። ዕቃው መሬት ከመንካቱ በፊት ተነጋገር፤ «ስድስት ዕቃ ነው» ብለህ ሳይሆን ድንጋዩን አሳይተህ። መኪናው ቆሞ የሚደረግ ክርክር ሁሌም የዕቃውን ባለቤት ያስከፍላል፣ በንዴት የሚወርድ ድንጋይ ደግሞ ማዕዘን የለውም።

እንግዲህ ሸዋ ሮቢት ደረስን። ቤቱን ለካህ? አንድ መደበኛ ስቲክ 147 ሴንቲሜትር ነው። የሜዳው ርዝመት ላይ ሁለት ስቲክ፣ ስፋቱም ላይ ሁለት ስቲክ ጨምር፦ 5 ሜትር ከ20 በ4 ሜትር ከ10 ገደማ ባዶ ቦታ ትፈልጋለህ። ከዚያ ካነሰ ግድግዳው ጋ አጠር ያለ ስቲክ ታስቀምጣለህ፣ ደንበኛህም እያማረረ ይለምደዋል። ምሰሶ ካለ ግን ለምሰሶ መላ የለውም።

ወለሉ ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ አገር ካፌ ወለል ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ሊሾውን የሠራው ሰው ሆነ ብሎ ነው ያዘነበለው፣ ትክክልም ነው። ፑል ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ጠረጴዛው በሁለት ደረጃ ይስተካከላል። መጀመሪያ ሳጥኑ ከእግሩ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ድንጋዩ ከሳጥኑ ላይ በስስ የእንጨት ሽብልቅ ይስተካከላል። ብዙ ፑል ቤት እግሩ ሥር ቆርኪ፣ የታጠፈ የሲጋራ ካርቶን ወይም ሳንቲም አይቻለሁ። ቆርኪ ይጨፈለቃል፣ ካርቶን ውሃ ይጠጣል። ወለል በምታጥብበት ቤት ቢያንስ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ብረት ይሁን፤ ከሜዳው እስከ ወለል ያለው ከፍታም 74 እስከ 79 ሴንቲሜትር መሃል ይረፍ።

የባለሙያው ዋጋ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ቀጥ ማድረግ። ለውድድር የሚሠራበት ልክ ርዝመቱን ይዞ ከግማሽ ሚሊሜትር፣ ስፋቱን ይዞ ከሩብ ሚሊሜትር የበለጠ መዛነፍ አይፈቅድም። ሁለት ሜትር ተኩል በሚደርስ ሜዳ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር! ግንበኛ የሚይዘው ውሃ ልክ ይህን አያይም፤ ጥሩ የሚባለውም በአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊሜትር ሲዛነፍ «ልክ ነው» ይልሃል። የመካኒኮች ውሃ ልክ የሚባል አለ፣ አጭር፣ ከባድ ብረት ነው፤ ደህናው በሜትር የ0.02 ሚሊሜትር ልዩነት ያሳያል። አረፋው ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ፤ ከድንጋዩ ሥር አንድ የመጫወቻ ካርታ ስታስገባ ወደ አንድ ወገን ሸርተት ይላል። እኔ ሁልጊዜ አሮጌ ካርታ በኪሴ አለኝ። ስጦታ መቀበል አላበዛም፣ ግን የጎደለ ካርታ የሚሰጠኝ ሰው ወዳጄ ነው።

ድንጋዮቹ ቀጥ ካሉ በኋላ ሁለቱ መስመሮች ይመረመራሉ። ዓይን አይበቃም፤ ጥፍር ይበልጣል። ጥፍርህን ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው በመስመሩ ላይ አሻግር፣ ከተሰናከለ አንዱ ከፍ ብሏል። ከዚያ ሰም። የንብ ሰም በ62 እስከ 64 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በጋዝ ነበልባል ቀልጦ መስመሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ በስፓቱላ ወይም በምላጭ ከድንጋዩ እኩል ይላጋል። ትልቁ ስሕተት ሰሙን ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ማፍሰስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ጠዋት ድንጋዩ እንደ በረዶ ነው፤ የፈሰሰው ሰም እንደነካው ይረጋል፣ ሥር ሳይሰድ። ላዩ ያማረ ይመስላል፣ ከሁለት ወር በኋላ እየተፈረፈረ ከጨርቁ ሥር እንደ ጠጠር ይሰማል። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋዩን ማሞቅ ነው። ያንተ ችግር ግን ተቃራኒው ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቤትህ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው ቀን ላይ ውስጡ ይግላል፤ ሰም ባይቀልጥም ይለሰልሳል፣ በየቀኑ ሲለሰልስና ሲረጋ መስመሩ ሊሰምጥ ይችላል። ኮርኒስ ካለህ ንጹሕ ሰም ይደረግልህ። ከሌለህ ጋራዥ ቤት መኪና የሚሞሉበት ስቱኮ ይሻላል። ስቱኮ ጉዳት አለው፣ ነገ ልታዛውረው ብትል መሰበር አለበት፣ ሲሰበርም የድንጋዩን ጠርዝ ይነካል፤ እኔ ምርጫ ሲሰጠኝ ሰም እወዳለሁ። ነገር ግን ቤትህ ባለበት ይቆያል ካልክ ስቱኮ አይጸጽትህም።

ሰም ከተባለ፣ አንተው ግዛው። ባለሙያው ሱቅ የሚሸጠውን ነጭ ሻማ ይዞ ከመጣ መልሰው፤ እሱ ፓራፊን ነው። የንብ ሰም በመዳፍህ ስታሸው ለስልሶ ይጨማደዳል፣ ማር ማር ይሸታል፤ ፓራፊን ይፈረፈራል። ጧፍ የሚሠሩ እናቶችን ጠይቅ፣ ከማንም ነጋዴ ይልቅ እነሱ ይለዩታል። ለሁለት መስመርና ለቪቶቹ ሩብ ኪሎ ከበቂ በላይ ነው።

ጨርቁን በተመለከተ አሮጌው ካልተቀደደና ባለሙያው ተጠንቅቆ ካነሳው መልሶ ሊለብስ ይችላል፣ እኔ ግን አልመክርህም። አንዴ ተወጥሮ የኖረ ጨርቅ ሁለተኛ ሲወጠር እኩል አይወጠርም፣ የድሮው ቀዳዳ ምልክትና የነጭ ኳስ መነሻው ጠባሳ በአዲስ ቦታ ይመጣል። ለፍተህ ድንጋዩን ቀጥ ካደረግክ በኋላ አሮጌ ጨርቅ ማልበስ ለሙሽራ የትናንት ነጠላ ማልበስ ነው። አዲሱን ከመግዛትህ በፊት ሱፍ የበዛበት መሆኑን ጠይቅ፤ ሙሉ ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ይላላል።

ጠርዞቹ ሲመለሱ ጎማውን በጥፍርህ ጫን በል። እንደ ደረቀ ቆዳ ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ ኳስ አይመልስም፤ ለመቀየር ደግሞ ጊዜው አሁን ነው፣ ጠርዙ እንደተነቀለ። ኳሱ 57 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የጎማው አፍንጫ፣ ኳሱን የሚነካው ጫፉ፣ ከድንጋዩ 36 ሚሊሜትር አካባቢ ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ኳሱ ይዘላል፣ ከፍ ካለ ኳሱን ወደ ታች ይጫነዋል።

አሁን ሰውየውን እንዴት ትለያለህ? ስልክ ላይ ሁለት ነገር ጠይቀው። «ድንጋዩን ከሳጥኑ ጋር የያዘው ምንድን ነው?» በለው፤ ስለ ተቀበሩት ቪቶች ካልነገረህ ሦስት ቁራጭ ስሌት ፈትቶ አያውቅም። ቀጥሎ «የምትለካው በምንድን ነው?» በለው። «በውሃ ልክ» ካለህ የቱን እንደሆነ አስረዳኝ በለው። «ዓይኔ ይበቃል» የሚል ሰው ሰርግ ላይ ድንኳን ይትከል። ሦስተኛ ጥያቄ ካስፈለገህ ባለፈው የገጠመው ፑል የት እንዳለ ጠይቀህ ሄደህ ተጫወትበት፤ ሁለት ብር የማያወጣ ምርመራ ነው።

ያ አራት እጥፍ ዋጋ ውድ ነው ወይ ብለኸኛል። ደብረ ብርሃን መፍታቱን፣ ሸዋ ሮቢት መግጠሙን፣ ጨርቁን ማልበሱንና ከወር በኋላ ተመልሶ ማጥበቁን ከጨመረ ውድ አይደለም። መፍታቱን ብቻ ከሆነ ውድ ነው። ይህን አስረግጠህ ተስማማና ግማሹን ደብረ ብርሃን ላይ ዕቃው ሲጫን ክፈለው፣ ግማሹን ግን ኪስህ አቆየው።

የቀረውን የምትከፍለው ኳሷ ስትመሰክር ነው። ያልተገመሰች ንጹሕ ኳስ ውሰድ። በርዝመቱ በቀስታ ልቀቃት፣ ሌላኛው ጫፍ ሳትደርስ እንድትቆም። ቀጥ ያለ ፑል ላይም ያልተስተካከለ ፑል ላይም ፈጣን ኳስ አይታማም፤ ውሸቱ የሚወጣው ኳሷ ልትሞት ስትል የመጨረሻዋ ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ ነው። ወደ ጎን ካጠፈች በሌላ ኳስ ድገመው፣ ምናልባት ጥፋቱ የኳሷ ነው። ከሁለቱም ጫፍ፣ በሁለቱም ጎማዎች አጠገብ፣ በስፋቱም ሞክር። ከዚያ በየጎማው ላይ ኳስ እየመታህ ድምፁን አዳምጥ። የተጠበቀ ጠርዝ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ «ዱብ» ካለና ከተንቀጠቀጠ አንዱ ብሎን ላልቷል።

የወሩን ነገር አትርሳ። ያ እንጨት ለዓመታት በደብረ ብርሃን ብርድና እርጥበት ኖሯል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ብሎኖቹ ይላላሉ። ከአራት ሳምንት በኋላ አሥራ ስምንቱም መጥበቅ አለባቸው፣ ግን ከልክ ሳያልፍ፤ ብረት ያለው ሰው ሁሉ እስኪንጫጫ ካላጠበቀ ያጠበቀ አይመስለውም፣ ድንጋዩ ግን ብሱ ላይ መሰንጠቁን አልረሳም። ባለሙያው ሊመለስ ካልቻለ ሥሩ ገብተህ ራስህ ታጠብቀዋለህ። የቁልፉን ቁጥር ከመሄዱ በፊት ጠይቀውና ከሳጥኑ ሥር በእርሳስ ጻፈው።